የባለ አከርካሪ እንስሳት መለያ፦ ከሰንጠረዡ የሚያመልጡትን እንዴት እናስተምር?

መምህር ዘሆጤ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። በየዓመቱ ባለ አከርካሪ እንስሳት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ያው የተለመደው ሰንጠረዥ ሰሌዳው ላይ ይሰፍራል፤ ዓሣ ቅርፊት አለው፣ እንቁራሪት አስተኔ በውሃም በየብስም ይኖራል፣ ገበሎ አስተኔ በደረቱ ይሳባል፣ ወፍ ይበራል፣ አጥቢ ይወልዳል። ተማሪዎቹ ይሸመድዱታል፤ ፈተናውንም ያልፋሉ። ችግሩ የሚመጣው በዓይናቸው የሚያውቋቸውን እንስሳት እያነሡ መጠየቅ ሲጀምሩ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም። የሌሊት ወፍ ይበራል፤ ሰጎን ግን አይበርም። ከእባቦች መካከል እንቁላል የማይጥሉ፣ ልጆቻቸውን በሕይወት የሚወልዱ አሉ። ኤሊን ማንም በደረቱ ሲሳብ አላየውም።

እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ ያለው ሰንጠረዥ በመሥራታችን ሳይሆን ለየምድቡ በመረጥነው ምልክት ላይ ነው። እንስሳው የት እንደሚኖርና ምን እንደሚያደርግ ጽፈን አካሉ ከምን እንደተሠራ ሳንጽፍ ቀርተናል። መብረር፣ መዋኘት፣ መውለድ በተለያዩ ምድቦች ውስጥ ደጋግመው የተፈጠሩ ችሎታዎች ናቸው። ላባ፣ የጡት እጢ፣ የእንቁላል ውስጥ ሽፋኖች፣ የታችኛው መንገጭላ አሠራር ግን ከቅድመ አያት የሚወረሱ ስለሆኑ እንስሳው ኑሮውን ቢለውጥም አብረውት ይሄዳሉ። በዚህ የምትስማሙም የማትስማሙም በእጃችሁ ነክታችሁ የምታውቁትን እንስሳ ምሳሌ አድርጋችሁ ብትጽፉልኝ ለክፍሌ ይጠቅመኛል።

ሐይቅ ዳር

መምህር፣ ከሐይቅ ከተማ ነኝ፤ ዓሣ እየበለትሁ ነው ያደግሁት። በሐይቃችን በብዛት የሚያዙት ቆሮሶና አምባዛ ናቸው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ትምህርት ነው።

ቆሮሶ ሰውነቱ በሙሉ በቅርፊት የተሸፈነ ነው። ጎኑን ልብ ብላችሁ ብታዩት ከራሱ በኩል የሚነሣው የነጠብጣብ መስመር እንደ ብዙዎቹ ዓሦች እስከ ጅራቱ አንድ ወጥ ሆኖ አይዘልቅም፤ መንገድ ላይ ይቋረጥና ዝቅ ብሎ እንደገና ይጀምራል። ይህ መስመር የውሃውን ንቅናቄ የሚሰማበት አካሉ ነው። አምባዛ ደግሞ ቆዳው ዝልግልግ ነው፤ ቅርፊት የሚባል ነገር የለበትም፤ አፉ ዙሪያም አራት ጥንድ ጢም አለው። በኦሪት ሕግ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ ስለማይበላ አምባዛን የማይቀምሱ ምእመናን ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ቅርፊት የሌለው ዓሣ መኖሩን ለማወቅ የእኛ አካባቢ ሰው የመማሪያ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ትልቁ ልዩነት ያለው ግን የስንጥቡ ክዳን ሲገለጥ ነው። ሁለቱም በክዳኑ ሥር ቀያይ ስንጥቦች አሏቸው፤ አምባዛ ግን ከስንጥቡ በላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ቅርንጫፍ ያወጣ ሌላ ቀይ አካል አለው። በዚህ አካል ከአየር ላይ በቀጥታ ኦክስጅን ይወስዳል፤ እርጥበት ካገኘ ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት በሕይወት የሚቆየው ለዚህ ነው። እንግዲህ «ዓሣ በውሃ ውስጥ ብቻ ይተነፍሳል» የሚለውም ወደቀ ማለት ነው። ለልጅ መጨነቅ የአጥቢና የወፍ ብቻ ነው የሚልም ካለ፣ ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ የምታስፈለፍል እናት ናት።

ታዲያ ዓሣን ዓሣ የሚያሰኘው ምን ቀረ? ዕድሜ ልኩን ስንጥብ ይዞ መኖሩ፣ ጣት ያለው እግር ሳይሆን ክንፍ ያለው መሆኑ፣ ልቡም ባለ ሁለት ክፍል መሆኑ ነው፤ ደሙ ከልብ ወደ ስንጥብ ሄዶ ወደ ልብ ሳይመለስ በዚያው ሰውነቱን ያዳርሳል። ይህም ቢሆን ልል ምድብ ነው። ሻርክ አጽሙ ልም አጥንት ነው፤ የስንጥቡ ስንጥቆችም ክዳን ሳይኖራቸው ከአምስት እስከ ሰባት ሆነው ከውጭ ይታያሉ። ላምፕሬይ የሚባለው ደግሞ ከነጭራሹ መንገጭላ የለውም። ከ60,000 በላይ ከሚሆኑት የታወቁ የባለ አከርካሪ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ዓሦች ስለሆኑ እንዲህ መለያየታቸው አይገርምም።

ፈተና አራሚ

ለክቡር መምህርና ለሐይቁ ወንድማችን አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን ልጆችን አታደናግሩ እላለሁ። የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ደንቡን ማወቅ አለበት፤ ከደንቡ የሚወጣውን ከፍ ሲል ይደርስበታል። በመጀመሪያው ቀን አምባዛና ላምፕሬይ ከተቆለሉበት ዓሣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይቀራል። ፈተና ላይም የሚጠየቀው ሰንጠረዡ ነው።

መምህር ዘሆጤ (ደሴ)

ወንድሜ፣ ደንብ ይቅደም በሚለው እስማማለሁ። ጥያቄዬ የትኛው ደንብ ይቅደም የሚል ነው። «ወፍ ላባ ያለው ነው» ለልጅ ከ«ወፍ የሚበር ነው» አይከብደውም፤ ሁለቱም ሦስት ወይም አራት ቃል ናቸው። የመጀመሪያው ግን ዛሬ በምድር ላይ ላሉ ወፎች ሁሉ፣ ለሰጎንም ለፔንግዊንም፣ ይሠራል፤ ከእነሱ ውጭ ላለ ለማንም ሕያው እንስሳ አይሠራም። ሁለተኛው በመጀመሪያው ሳምንት ይፈርሳል። «አጥቢ ይወልዳል» የሚለውን በ«አጥቢ ልጁን ወተት ያጠባል፣ ፀጉርም አለው» ብንተካው በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ እንቁላል የሚጥሉት ጥቂት አጥቢዎች እንኳ ይገቡበታል፤ ጡት ጫፍ ባይኖራቸውም ወተቱ ከቆዳቸው ላይ ይወዛል። ቀላልም ትክክልም የሆነ ደንብ እያለ ቀላልና የተሳሳተውን የምናስተምርበት ምክንያት አይታየኝም።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

እንቁራሪት አስተኔና ገበሎ አስተኔን ለመለየት እኔ የምመክረው ሲተነፍሱ ማየትን ነው። ክረምት ላይ ቦርከና ዳር እንቁራሪት አይጠፋም። ዝም ብሎ በተቀመጠበት ጉሮሮውን ተመልከቱ፤ ሳያቋርጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ደረቱን አስፍቶ አየር የሚስብበት የጎድን አጥንት ስለሌለው አየሩን አፉ ውስጥ ሞልቶ ወደ ሳንባው የሚገፋው በጉሮሮው ነው። ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ እንሽላሊት ስታዩ ግን የሚንቀሳቀሰው ጎኑ ነው፤ የጎድን አጥንቱን ዘርግቶ አየር ይስባል። ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ይበቃል።

ቆዳቸውም ያው ነው። የእንቁራሪት ቆዳ ቅርፊት የሌለው፣ ውሃና ጋዝ የሚያሳልፍ ስስ ነገር ነው፤ እንስሳው ውሃ በአፉ አይጠጣም፤ በቆዳው ይወስዳል። የእባብና የእስስት ቆዳ ግን ደረቅና ውሃ የማያሳልፍ ነው። እዚህ ላይ ሰንጠረዡ አንድ ትልቅ ነገር ይደብቃል፤ ዓሣም ቅርፊት አለው፣ እባብም ቅርፊት አለው ብሎ ያልፋል። የሐይቁ ወንድማችን በቢላዋ ፍቆ የሚያነሣው የዓሣ ቅርፊት ከቆዳው የውስጠኛ ንብርብር የሚበቅል፣ እያንዳንዱ ለየብቻው የሚነቀል ስስ አጥንት ነው። የእባብ ቅርፊት ደግሞ የላይኛው ንብርብር ራሱ ጠጥሮና ተጣጥፎ የተሠራ ስለሆነ እባቡ ሲገፍ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ አንድ ላይ ተያይዞ ይወልቃል። ሁለቱ በመልክ እንጂ በአመጣጥ አይገናኙም። ከእባብ ቅርፊት ጋር የሚገናኘው የዶሮ እግር ላይ ያለው ነው።

«በውሃም በየብስም» የሚለውን በተመለከተ፣ በባሌ ተራሮች የሚኖር አንድ ትንሽ ጉርጥ እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ ይጥላል፤ እጩም ወደ ኩሬ ሳይገባ ያድጋል። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን አፈር ውስጥ ደግሞ እግር የሌለው፣ ያየ ሁሉ የመሬት ትል ወይም እባብ የሚለው እንቁራሪት አስተኔ አለ። «ጥፍር የላቸውም» የሚለው ደንብ እንኳ ሙሉ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ደጋ ውሃዎች ውስጥ የኋላ እግሩ ጣቶች ላይ ጥቋቁር ጥፍር ያለው፣ ምላስ ደግሞ የሌለው እንቁራሪት ይኖራል።

ጫጩት አስፈልፋይ (ኮምቦልቻ)

ስለ እንቁላል የሚናገር ሳይመጣ በመቅረቱ እኔ ልግባ። በማስፈልፈያ ማሽን ጫጩት አስፈልፍላለሁ፤ መምህሩ በመጀመሪያ ጽሑፋቸው «የእንቁላል ውስጥ ሽፋኖች» ብለው ያለፉት ነገር የሥራዬ ዋና ነገር ነው።

ማሽኑ 37.5 ዲግሪ ላይ ይሠራል፤ እንቁላሉም በ21 ቀን ይፈለፈላል። ሳምንት ሊሞላው ሲል ክፍሉን አጨልመን እንቁላሉን በባትሪ መብራት እናየዋለን። ያልዳበረው ጥርት ብሎ ያሳልፋል። የዳበረው ውስጥ ግን አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች፤ ከእሷም ቀጫጭን ቀይ ክሮች በየአቅጣጫው ተዘርግተዋል። ነጥቡ ሽሉ ነው። ክሮቹ ደሙ አስኳሉን የሚያገኝባቸው ሥሮች ናቸው። ሽሉ ያለው በውሃ በተሞላ ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ሌላ ከረጢት ቆሻሻውን ያጠራቅማል፤ እያደገም ሄዶ ከውጨኛው ሽፋን ጋር ተጣብቆ ቅርፊቱ ሥር ይነጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሽሉ የሚተነፍሰው በእሱ በኩል ነው። ቅርፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ስላሉት አየር ያስገባል፤ ውሃም ያስወጣል፤ በመፈልፈያ ጊዜው እንቁላሉ ክብደቱ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ጫፉ ላይ ያለው የአየር ኪስ በዚያው ልክ እየሰፋ ይሄዳል፤ ጫጩቱም ከመውጣቱ በፊት የመጀመሪያውን ትንፋሽ የሚስበው ከዚያ ኪስ ነው።

የእንቁራሪት እንቁላል ከእነዚህ አንዱም የለውም፤ ዝልግልግ ነገር ውስጥ ያለ ጥቁር ፍሬ ነው፤ ፀሐይ ካገኘው ይደርቃል። የኤሊ፣ የአዞ፣ የእባብና የእንሽላሊት እንቁላል ግን ቅርፊቱ ቢለሰልስም ቢጠጥርም ውስጡ እንደ ዶሮው ነው። ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ አስምሩ ብትሉኝ ዓሣንና እንቁራሪትን በአንድ ወገን፣ ገበሎ አስተኔን፣ ወፍንና አጥቢን በሌላ ወገን አድርጌ በመካከል ነው የማሰምረው። አንድ ልዩነት ግን አለ። የጫጩቷ ሴትነትና ወንድነት እንቁላሉ ሲጣል ተወስኖ ያለቀ ነው፤ ማሽኑን ባሞቀውም ባበርደውም አይለወጥም። አዞና ብዙ የኤሊ ዓይነቶች ዘንድ ግን ጾታውን የሚወስነው እንቁላሉ የተቀበረበት ቦታ ሙቀት ነው።

የሸዋ በር ተማሪ

እህት ወይም ወንድም ጫጩት አስፈልፋይ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አጥቢዎች እንቁላል ካልጣሉ በምን ምክንያት ከዚያኛው ወገን ገቡ?

የእንስሳት ሐኪም

ይህን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ላም ስትወልድ ያየ ሰው መልሱን በዓይኑ አይቷል። ጥጃው ከመምጣቱ በፊት የሚፈሰው የእንሽርት ውሃ ጫጩቱ በእንቁላል ውስጥ የሚንሳፈፍበት ያው ውሃ ነው፤ የሚይዘውም ሽፋን ያው ሽፋን ነው። ጫጩቱ የሚተነፍስበት ከቅርፊት ሥር የተነጠፈው ሽፋን ደግሞ በላሟ ማህፀን ግድግዳ ላይ ተጣብቆ እንግዴ ልጅ ሆኗል። ቅርፊቱ ቀረ፤ አስኳሉ አነሰ፤ ሽፋኖቹ ግን በሙሉ አሉ። አንዳንድ የደጋ እስስቶችም እንቁላል መጣል ትተው ይወልዳሉ፤ ይህ አጥቢ አያደርጋቸውም፤ ምክንያቱም ወተት የላቸውም።

አጥቢን ከሌላው ለመለየት በሥራዬ የማየው ጥሩ ምልክት ደም ነው። የዶሮ ደም በመስታወት ላይ ቀብታችሁ በማይክሮስኮፕ ብታዩት ቀይ ሕዋሶቹ ሞላላ ሆነው እያንዳንዱ መሐሉ ላይ ኒውክለስ አለው። የዓሣውም የእንቁራሪቱም የእባቡም እንዲሁ ነው። የላም፣ የበግና የሰው ቀይ ሕዋስ ግን ክብ ነው፤ ኒውክለስም የለውም። ከባቲ በኩል የሚመጣ ግመል ደም ስናይ ቀይ ሕዋሱ እንደ ዶሮው ሞላላ ሆኖ ይገኛል፤ ለጀማሪ ያደናግራል፤ ኒውክለስ ግን የለውም፤ ግመል በዚህም አጥቢነቱን አይክድም። ከዚህ ሌላ ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም አለ። የአንገት አጥንትም አለ፤ ቀጭኔም ዓሣ ነባሪም አይጥም እኩል ሰባት ሰባት አላቸው፤ ከደንቡ የሚወጡት ስሎዝና ማናቲ የሚባሉት ብቻ ናቸው።

«ደመ ሙቅ» የሚለውን ምልክት ግን በጥንቃቄ ያዙት። በምሥራቅ ኢትዮጵያ መሬት ውስጥ የሚኖረው ፀጉር አልባ ፍልፈል አጥቢ ሆኖ ሳለ የሰውነቱ ሙቀት ከጉድጓዱ ሙቀት ጋር ይወጣል ይወርዳል። በሌላ በኩል ቱና የሚባለው ዓሣ ጡንቻውን ከባሕሩ ውሃ በላይ አሙቆ ይዋኛል።

ፈተና አራሚ

ስለ ዶሮ እግር ቅርፊትና ስለ አዞ እንቁላል የተባለው ወዴት እንደሚያመራ ይታየኛል። ወፍ ገበሎ አስተኔ ነው ልትሉን ነው?

መምህር ዘሆጤ (ደሴ)

በዘር ሐረግ ከሄድን፣ አዎ፤ ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች እንደዚያ ይላሉ። የአዞ የቅርብ ዘመድ እንሽላሊት ሳይሆን ወፍ ነው። የእንሽላሊትና የእባብ ልብ ሦስት ክፍል ሲኖረው የአዞ ልብ እንደ ወፍ አራት ክፍል አለው። እናት አዞ ጎጆዋን ትጠብቃለች፤ ልጆቿ ሊፈለፈሉ ሲሉ ድምፅ ሲያሰሙ ቆፍራ ታወጣቸዋለች። እ.ኤ.አ. በ1861 ጀርመን ውስጥ የተገኘው አርኪዮፕተሪክስ የተባለው ቅሪተ አካልም ላባ እያለው ጥርስና አጥንት ያለው ረጅም ጅራት ነበረው።

ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ ወፍን ለብቻው ማስተማሬን አልተውም፤ ምክንያቱም ወፍ በራሱ የሚቆምበት በቂ ነገር አለው። ከላባውና ከጥርስ አልባው ምንቃር በተጨማሪ አተነፋፈሱ ከሁላችንም ይለያል። የእኛ ሳንባ አየሩን ባስገባበት መንገድ መልሶ ያስወጣል። ወፍ ግን ከሳንባው ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ እነሱ እንደ ወናፍ እየገፉለት አየሩ በሳንባው ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ ሲስብም ሲያስወጣም ንጹሕ አየር ያገኛል። ጦሳ አናት ላይ ክንፉን ሳያርገበግብ የሚንሳፈፈውን ጥንብ አንሳ የምናውቀው ነው። የእሱ ዘመድ የሆነ አንድ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ1973 በምዕራብ አፍሪካ ሰማይ፣ ከምድር 11,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። በዚያ ከፍታ ሰው ያለ ኦክስጅን ጭምብል ራሱን ይስታል።

በዚህ ምክንያት ሰንጠረዡ አምስት ረድፍ ይዞ ይቀጥል፤ ወፍና አዞ ዘመድ መሆናቸው ግን ከግርጌው ይጻፍ ባይ ነኝ።

የየጎፍ ተጓዥ

ይቅርታ፣ ውይይቱን ላቋርጥ። ከየጎፍ ደን ወዲህ ገደል ሥር የራስ ቅል አግኝቻለሁ፤ ርዝመቱ ከመዳፌ አይበልጥም። የታችኛው መንገጭላ አብሮት አለ። በላይ በኩል ከፊት ሁለት ጥርሶች ብቻ አሉ፤ ረዘም ያሉና ጫፋቸው ሹል ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ። ከታች ደግሞ ወደ ፊት ያዘነበሉ አራት ጥርሶች አሉ። ኋላ ያሉት ጥርሶች ሰፋፊ ናቸው። እኔ ጃርት ነው ብያለሁ፤ ጓደኛዬ አርጃኖ ነው ይላል። በዚህ መድረክ መንገድ ማወቅ ይቻላል?

የእንስሳት ሐኪም

ይቻላል። መጀመሪያ ቅሉን ገልብጠህ ህብለ ሰረሰር የሚገባበትን ትልቅ ቀዳዳ ፈልግ። ከጎኑ ከአንገት አጥንት ጋር የሚገጣጠሙ ሁለት ጉብታዎች ካሉ አጥቢ ነው፤ አርጃኖና ወፍ አንድ ብቻ ነው ያላቸው። እንቁራሪትም ሁለት አለው፤ ግን እንዲህ ያለ ጥርስ ስለሌለው አያሳስብም። ቀጥሎ የታችኛውን መንገጭላ አንዱን ጎን ብቻ ይዘህ እይ። ከፊት ጥርስ እስከ መገጣጠሚያው ድረስ አንድ አጥንት ብቻ ከሆነ አጥቢ ነው። የአርጃኖ መንገጭላ ከብዙ አጥንቶች የተገጣጠመ ስለሆነ የመጋጠሚያ መስመሮቹ ይታያሉ። የእነዚያ አጥንቶች ዘመዶች በአጥቢዎች ውስጥ አንሰው ወደ ጆሮ ገብተዋል፤ ጆሯችን ውስጥ ካሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ሁለቱ የመጡት ከመንገጭላ ነው። በሦስተኛ ደረጃ፣ የፊት ጥርስህና የኋላ ጥርስህ ቅርጻቸው የተለያየ መሆኑን ራስህ ጽፈሃል፤ አርጃኖ ዘንድ እንዲህ ዓይነት የሥራ ክፍፍል የለም።

ጃርትም አይመስለኝም። ጃርት ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ብቻ የፊት ጥርስ አለው፤ እንደ መሮ ጠፍጣፋ ስለት ያላቸውና የተጠጋጉ ናቸው። ከላይ ሁለት የተራራቁ ሹል ጥርሶች፣ ከታች ወደ ፊት ያዘነበሉ አራት ጥርሶች የሽኮኮ ናቸው። የታችኞቹን ጫፋቸውን በአጉሊ መነጽር ብታይ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቁ ሆነው ታገኛቸዋለህ፤ በዕድሜ ካልተበሉ። ገደል ሥር መገኘቱም ይስማማል። ከጃርትና ከአይጥ ይልቅ የዝሆን ዘመድ ነው።

የየጎፍ ተጓዥ

ጉብታው ሁለት ነው። መንገጭላውም ወጥ ነው፤ ስፌት የለውም። ከታች ካሉት አራት ጥርሶች አንዱ ተሰብሯል፤ በቀሩት ሦስቱ ላይ ግን ስንጥቆቹ ይታያሉ። ጓደኛዬም አምኗል። መምህር፣ ለክፍልዎ የሚፈልጉት ከሆነ ቅዳሜ ወደ ደሴ ስለምወጣ ይዤልዎት እመጣለሁ።

መምህር ዘሆጤ (ደሴ)

በደስታ እቀበላለሁ። ከመንካትህ በፊት ጓንት አድርግ፤ መንገጭላውንም ለብቻው ጠቅልለው፤ በጉዞ ላይ የሚሰበረው እሱ ነው። ጫጩት አስፈልፋዩም ያልዳበሩና የዳበሩ እንቁላሎችን በመብራት የሚያሳዩበትን ቀን ቢነግሩኝ ተማሪዎቹን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።